ሃሮልድ ላርውድና ያልተፈረመው ደብዳቤ

በ1934 የእንግሊዝ የክሪኬት ወራት ሲገባ፣ የ29 ዓመቱ ሃሮልድ ላርውድ፣ የኖቲንግሃምሻየር ቡድን የበላይ ጠባቂ በነበሩት በባለጸጋው በሰር ጁልየን ካን በኩል አንድ የይቅርታ ደብዳቤ ቀረበለት። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በአውስትራልያ ሜዳዎች ላይ ኳስ ስለ ወረወረበት አኳኋን፣ የጨዋታው የበላይ ገዢ ለነበረው ለሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ ይቅርታ ይጠይቅ ዘንድ፣ ከጽሑፉ ግርጌ ስሙን እንዲያኖር ተነገረው። ቢፈርም ለአገሩ እንደገና ይሰለፋል፤ ባይፈርም ግን አይሰለፍም። ላርውድ ለመፈረም እምቢ አለ። ምክንያቱም አጭር ነበር፤ የወረወረው አምበሉ እንዳዘዘው ነው፤ አምበሉን የሾመውም ያው ይቅርታ የሚጠየቀው ክለብ ነው። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝ አንድም ጊዜ አልተጫወተም።

ይህ የመሐንዲሶች መጽሔት ስለሆነ፣ የአንድ እንግሊዛዊ ኳስ ወርዋሪ ታሪክ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የእኛ ሙያ ግን ከሁሉ በፊት የፊርማ ሙያ ነው። ንድፉን የሚፈርም አለ፤ ትእዛዙን የሚሰጥ አለ፤ በእጁ የሚሠራም አለ። ግንቡ ቀጥ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ የሦስቱን ድርሻ ለይቶ የሚጠይቅ አይኖርም። የሚጠየቀው ግንቡ የተሰነጠቀ ዕለት ነው። የላርውድን ሕይወት ለመጻፍ የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።)

ክሪኬት በአገራችን የተለመደ ጨዋታ ስላልሆነ ጥቂት ማብራራት ግድ ይሆናል። በሰፊው ሜዳ መካከል 20 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሣሩ የተላጨና በመዳመጫ የተጠቀጠቀ ጠባብ መሬት አለ። በሁለቱ ጫፎቹ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ከአንደኛው ጫፍ እየሮጠ ይመጣና ክንዱን ዘርግቶ ኳሷን ወደ ሌላው ጫፍ ይወረውራል፤ ብዙውን ጊዜም ኳሷ መሬት ነጥራ ከመቺው ትደርሳለች። መቺው በያዘው ጠፍጣፋ ዱላ እንጨቶቹን ይከላከላል፤ ሲመቸውም ኳሷን አርቆ መትቶ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም እርሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ይወጣል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ግጥሚያ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቀናት ይፈጃል።

ኳሷ ውስጧ ቡሽና ክር፣ ላይዋ የተሰፋ ቀይ ቆዳ ሲሆን፣ ክብደቷ 160 ግራም ያህል ነው። ከድንጋይ ብዙም አትለሰልስም። የላርውድ ፍጥነት በዘመኑ መሣሪያዎች በትክክል ተለክቷል ለማለት ባያስደፍርም፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ነበር ቢባል የሚያጋንን አይመስለኝም፤ ከዚያም በላይ ያደርሱታል። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ስናሰላው፣ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ ከመቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰኮንድ እንኳ አይፈጅባትም። ጉልበቷም 130 ጁል ያህል ይሆናል፤ ይኸውም 13 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ ከሚያሳርፈው ምት ጋር የተካከለ ነው። በዚያን ዘመን መቺው እግሮቹን በወፍራም መከላከያ ይሸፍን፣ እጆቹንም ጓንት ያለብስ ነበር እንጂ፣ በራሱ ላይ ከጨርቅ ቆብ በቀር አንዳች ነገር አልነበረውም።

ላርውድ ኖቬምበር 14 ቀን 1904 በኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ኑንካርጌት በምትባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር ተወለደ። ከአምስት ወንድ ልጆች አራተኛው ነበር። አባቱ ሮበርት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሲሆን፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ሥርዓት አጥባቂ ሰው ነበር፤ የመንደሩንም የክሪኬት ቡድን ይመራ ነበር። ሃሮልድ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በማዕድን ሠራተኞች የኅብረት ሱቅ ውስጥ መላላክ ጀመረ። በ14 ዓመቱ ደግሞ ወደ አንስሊ የከሰል ጉድጓድ ወርዶ፣ ከመሬት በታች የከሰል ጋሪ የሚጎትቱትን ድንክ ፈረሶች እንዲነዳ ተቀጠረ። ጎንበስ ብሎ መሥራት፣ በጨለማ ውስጥ ሚዛንን ጠብቆ መራመድ፣ በጀርባና በትከሻ ከባድ ነገር መግፋት የየዕለት ተግባሩ ሆነ። የኋላ ኋላ በትከሻው ብርታት የተደነቁ ሰዎች ምክንያቱን ወደዚያ ጉድጓድ ይወስዱታል። ይህ ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያው ጉድጓድ ከእርሱ ጋር የሠሩት ሌሎች ብዙ ልጆች ትከሻቸው ቢጠነክርም ከከሰል አቧራ በቀር ያተረፉት እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

በአቅራቢያው ይኖር የነበረው የቀድሞው የእንግሊዝ ተጫዋች ጆ ሃርድስታፍ ልጁ በመንደሩ ቡድን ሲወረውር አየውና፣ ለአውራጃው ቡድን ሙከራ እንዲያደርግ መከረው። በ1923 አባትና ልጅ ወደ ኖቲንግሃም ከተማ፣ ትሬንት ብሪጅ ወደተባለው ሜዳ አብረው ሄዱ። በሙከራው መጀመሪያ ላይ ልጁ ደንግጦ ነበርና አወራወሩ አላማረም፤ ቆይቶ ግን እጁ ተፍታታ። በሳምንት 32 ሽልንግ ሊከፈለው ተቀጠረ። ቁመቱ 173 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ ለፈጣን ወርዋሪነት አጭር ይባል ነበር። አሠልጣኙ ጄምስ አይርሞንገር ለዓመታት እያስሮጠና እያስወረወረ፣ ኳሷን ካሰበበት ቦታ የማሳረፍን ጥበብ አስተማረው። ብዙ ፈጣን ወርዋሪዎች ኳሷ የት እንደምታርፍ ራሳቸውም አያውቁም። ላርውድን ከእነዚያ የለየው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ዒላማውን አለመሳቱ ነበር። ሲሮጥም ዳኛው ኮቴውን እስከማይሰማ ድረስ እግሩ ቀላል ነበር ይባላል።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ክሪኬት በሁለት መደብ የተከፈለ ነበር። አማተር የሚባሉት ገንዘብ ሳይቀበሉ ለክብር የሚጫወቱ የታላላቅ ትምህርት ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ ፕሮፌሽናል የሚባሉት ደግሞ በደመወዝ የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው። በብዙ ሜዳዎች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል፣ ወደ ሜዳ የሚገቡበትም በር የተለያየ ነበር። በውጤት መመዝገቢያው ላይ እንኳ የአማተሩ የስም መነሻ ፊደላት ከቤተሰቡ ስም ይቀድማሉ፣ የፕሮፌሽናሉ ግን ይከተላሉ። የአገሩ ቡድን አምበል ሁልጊዜ አማተር ነው። ይህ ልዩነት በሕግ የተሻረው በ1962 ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ይጠቅመናልና።

ላርውድ ለእንግሊዝ መጀመሪያ የተሰለፈው በጁን ወር 1926፣ በሎንዶን ሎርድስ ሜዳ፣ ከአውስትራልያ ጋር ነው። ዕድሜው 21 ነበር። በዚያው ወር የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ደመወዝ ቀንሰን ሥራም አርዝመን ካልሆነ በማለት ከሚሊዮን የማያንሱ ሠራተኞችን ከሥራ አግደው ነበር። የኖቲንግሃምሻየር ቆፋሪዎች ቤታቸው በተቀመጡበት ሰሞን፣ ከመካከላቸው የወጣው ልጅ በዋና ከተማው በጌቶች ፊት ኳስ ይወረውር ነበር ማለት ነው። በኦገስት ወር እንግሊዝ በኦቫል ሜዳ አሸንፋ አመዱን ስታስመልስ ላርውድም ድርሻ ነበረው። አመዱ የተባለው የሁለቱ አገሮች የውድድር ሽልማት ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1882 ሲሆን፣ እንግሊዝ በገዛ አገሯ በመሸነፏ አንድ ጋዜጣ የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቷል፣ ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ወደ አውስትራልያ ይወሰዳል የሚል የሹፈት የሞት ማስታወቂያ ከማውጣቱ የመጣ ስም ነው።

በ1928 ማለቂያ ላይ በብሪስቤን በተደረገው ግጥሚያ ላርውድ 32 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ ስድስት መቺዎችን አስወጣ፤ በዱላም 70 ነጥብ አገኘ፤ እንግሊዝ በ675 ነጥብ ብልጫ አሸነፈች። በዚያ ግጥሚያ ለአውስትራልያ የመጀመሪያውን የአገር ጨዋታ ያደረገ የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ስሙ ዶናልድ ብራድማን ይባላል፤ በሁለቱ ዙር 18ና 1 አስቆጥሮ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ከቡድኑ ተቀነሰ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይኸው ወጣት እንግሊዝ አገር መጥቶ በአምስት ግጥሚያ 974 ነጥብ አስቆጠረ። በሊድስ ሜዳ ብቻ 334፣ ከዚያም ውስጥ 309ኙን በአንድ ቀን። ላርውድ በ1930 በእነዚያ ግጥሚያዎች ያስወጣው ሰው ቁጥሩ አራት ብቻ ነው። አንድ መቺ ይህን ያህል ሲመታ የጨዋታው ሚዛን ራሱ ይናጋል፤ ተጋጣሚው ስለ ማሸነፍ ሳይሆን፣ ይህ ሰው በምን ዘዴ ይቆማል እያለ ብቻ ያስባል።

ዘዴውን ያወጣው ዳግላስ ጃርዲን ነው። ጃርዲን በሕንድ አገር በቦምቤይ ተወልዶ፣ በዊንቸስተርና በኦክስፎርድ ተምሮ፣ በሕግ ሙያ የሠለጠነ አማተር ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ቆራጥ፣ አውስትራልያውያንን አጥብቆ የሚጠላ ሰው። በ1932 ክለቡ ወደ አውስትራልያ ለሚሄደው ቡድን አምበል አድርጎ ሾመው። በኦገስት ወር ጃርዲን የኖቲንግሃምሻየሩን አምበል አርተር ካርን፣ ላርውድንና የላርውድን የቡድን ጓደኛ ቢል ቮስን በሎንዶን በፒካዲሊ ሆቴል ራት ጋበዛቸው። ሁለቱ የከሰል ቆፋሪ ልጆች በዚያ ታላቅ ሆቴል ገበታ ፊት ቁጭ ብለው፣ ኳሷን በመቺው እግር አቅጣጫ፣ ወደ ሰውነቱ ሳያቋርጡ መወርወር ይችሉ እንደሆነ ተጠየቁ። እንችላለን አሉ። ሌላ ምን ይሉ ኖሯል? የጠየቃቸው የአገሩ አምበል ነው፤ እነርሱም በፈጣን ወርዋሪነታቸው እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ወርዋሪው ኳሷን አሳጥሮ ያነጥራታል፤ ኳሷ ከጠንካራው መሬት ተነሥታ ወደ መቺው ጎድን፣ ደረት ወይም ጉሮሮ ትመጣለች። በዚያው በመቺው ወገን አምስት ስድስት ቀላቢዎች እንደ ቀለበት ተጠግተው ይቆማሉ፤ ከእነርሱ ራቅ ብለውም ሌሎች ይጠብቃሉ። መቺው ሰውነቱን በዱላው ቢከላከል ኳሷ ከተጠጉት እጅ ትገባለች፤ በኃይል ቢመታት ከራቁት እጅ ትወድቃለች፤ ቢተዋት ደግሞ ትመታዋለች። ከምሕንድስና አኳያ ካየነው ፈጽሞ የተሟላ ንድፍ ነው፤ ሰው የሚያመልጥበት ቀዳዳ አልተተወለትም። ነገር ግን ንድፉ ያለ ላርውድ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር ነበር። ፍጥነቱና ትክክለኛነቱ የነበረው በእርሱ ክንድ ብቻ ነውና። አውስትራልያውያን ይህን አወራወር ቦዲላይን አሉት፤ ሰውነትን ያነጣጠረ እንደ ማለት ነው።

በዲሴምበር 1932 በሲድኒ በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ብራድማን ታሞ አልተሰለፈም። ላርውድ አሥር ሰዎችን አስወጣ። ስታን መካቤ የተባለ የ22 ዓመት አውስትራልያዊ ብቻ ከፊቱ የምትመጣውን ኳስ ሳይሸሽ እየመታ 187 ነጥብ ይዞ ሳይወጣ ቀረ፤ ከዚያ ዓመት የጀግንነት ሥራዎች ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። በሜልቦርን ሜዳው ዘገምተኛ ስለነበረ አውስትራልያ አሸነፈች።

ሦስተኛው ግጥሚያ በአደሌይድ ሆነ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1933፣ ቅዳሜ፣ ከ50,000 የሚበልጥ ሕዝብ በሜዳው ዙሪያ ተሰብስቦ ነበር። ላርውድ የወረወራት ኳስ የአውስትራልያን አምበል ቢል ዉድፉልን ከልቡ በላይ ደረቱ ላይ መታችው። ዉድፉል ዱላውን ጥሎ ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ። ሕዝቡ ጮኸ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ያች ኳስ ስትወረወር ቀላቢዎቹ የቆሙት እንደ ወትሮው ነበር እንጂ በቦዲላይን አቋቋም አልነበረም። ዉድፉል ጥቂት አርፎ ጨዋታው ቀጠለ። ላርውድ በሚቀጥለው ተራው ለመሮጥ ሲነሣ ግን፣ ጃርዲን አስቁሞት ቀላቢዎቹን ወደ መቺው ወገን አዛወራቸው። አንድ ሰው ገና ደረቱን እያሻሸ ሳለ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ሕዝቡን ያሳበደውም ምቱ ብቻ ሳይሆን ይኸው ዝውውር ነው። በዚያች ደቂቃ ግን የሕዝቡ ስድብና ፉጨት የወረደው በአምበሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኳሷ በእጁ በነበረችው በላርውድም ላይ ነው።

ሰኞ ዕለት ደግሞ በርት ኦልድፊልድ የተባለው መቺ ከላርውድ የመጣችውን ኳስ በኃይል ሊመታ ሲል፣ ኳሷ ከዱላው ጠርዝ ተንሸራታ ራሱን መታችውና የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ኦልድፊልድ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ወዲያውኑ ተናገረ፤ በዚህም ጊዜ የቀላቢዎቹ አቋቋም የወትሮው ነበር። የሰማው ግን አልነበረም። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ይገባል ተብሎ ተፈራ። ከሁለት ቀን በኋላ የአውስትራልያ ክሪኬት ቦርድ፣ የእንግሊዞች አጨዋወት ከስፖርታዊ ጨዋነት የራቀና የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት የሚያናጋ መሆኑን የሚገልጽ ቴሌግራም ወደ ሎንዶን ላከ። ክለቡም በአምበሉ ሙሉ እምነት እንዳለው ገልጾ፣ ከተፈለገ ጉዞው ይሰረዝ ሲል መለሰ። ነገሩ ከሜዳ ወጥቶ መንግሥታት የሚነጋገሩበት ሆነ፤ በመጨረሻም አውስትራልያውያኑ ቃላቸውን አለዝበው ግጥሚያው ቀጠለ።

በዚያው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ጋቢ አለን የሚባል ሌላ ፈጣን ወርዋሪ ነበረ። አለን አማተር ነው። በዚህ ዘዴ እንዲወረውር ጃርዲን ሲጠይቀው አይሆንም አለ፤ ቢሆንም ከቡድኑ አልወጣም፤ በወትሮው አወራወሩ 21 ሰው አስወጥቶ በክብር ተመለሰ። ኋላም የክለቡ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ፣ የሰርነት ማዕረግም አገኘ። የአለንን ሕሊና አላቃልልም፤ እምቢታው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እምቢ ለማለት አቅም ያስፈልጋል። አለን እምቢ ቢል የሚያጣው አንድ ጨዋታ ነው፤ ላርውድ እምቢ ቢል የሚጠብቀው የአንስሊ ጉድጓድ ነበር። ላርውድ ራሱ ግን ይህን እንደ ምክንያት አላቀረበም። በዘዴው ያምንበት ነበር፤ ሥራውን በደንብ በመሥራቱም አላፈረም።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ በሲድኒ በተደረገው አምስተኛው ግጥሚያ ላርውድ በዱላ 98 ነጥብ አስቆጥሮ ወጣ፤ አንድ መቶ ሊሞላ ሁለት ነጥብ ቀርቶት ነበር። ለሁለት ወራት ሲሰድበው የከረመው የአውስትራልያ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። ከዚያም በሁለተኛው ዙር ሲወረውር የግራ እግሩ ትንንሽ አጥንቶች ተሰበሩ። በቀኙ የሚወረውር ሰው ኳሷን በሚለቅበት ቅጽበት መላ ሰውነቱን በግራ እግሩ ላይ ያሳርፋል፤ እግሩ የሚሸከመውም ጭነት የክብደቱን አምስት እጥፍ ያህል እንደሚደርስ በኋላ ዘመን የተደረጉ ልኬቶች ያሳያሉ። የአውስትራልያ መሬት ደግሞ እንደ አርማታ የጠነከረ ነው። ይህን ጭነት በአንድ ወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መደጋገም ምን እንደሚያስከትል፣ ብረት በተደጋጋሚ ጭነት እንዴት እንደሚደክም የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን።

ላርውድ መቆም እንዳልቻለ ለአምበሉ ነገረው። ጃርዲን ግን ብራድማን ገና በሜዳው ስለነበረ እንዳይወጣ ከለከለው። ባይወረውርም በሜዳው ቆሞ መታየቱ ብራድማንን ያሰጋዋል ብሎ ነው። ላርውድ በአንድ እግሩ እንደ ተደገፈ ቆመ። ብራድማን 71 አስቆጥሮ ሲወጣ ብቻ ተፈቀደለትና፣ ሁለቱ ባላንጣዎች አንዳች ቃል ሳይለዋወጡ ጎን ለጎን ከሜዳ ወጡ። ላርውድ ለአገሩ የወረወራት የመጨረሻዋ ኳስ አስቀድማ ተወርውራ ነበር።

እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች። ላርውድ 33 ሰዎች አስወጣ። ብራድማንም በየወጣበት ያስቆጠረው በአማካይ 56 ከምናምን ሆነ፤ ለማንኛውም ሌላ ሰው ትልቅ ቁጥር ነው፤ የዕድሜ ልክ አማካዩ 99.94 ለሆነው ለብራድማን ግን የግማሽ ያህል ነው። ንድፉ ሠራ ማለት ነው። ጃርዲን ለወርዋሪው፣ አመዱን ስላስመለሰለት የምስጋና ቃል የተቀረጸበት አንድ የብር የሲጋራ መተርኮሻ ሰጠው። በእንግሊዝኛ አመድና የሲጋራ አመድ አንድ ቃል ስለሆኑ፣ ቀልድ አዋቂነቱ የማይነገርለት አምበል በዚህ አንድ ጊዜ ቀለደ ለማለት ይቻላል።

ላርውድ ከጉዞው ቀድሞ በመርከብ ተመለሰ። ሕዝቡ እንደ ጀግና ተቀበለው። ጋዜጦች ገንዘብ ሰጥተው በስሙ ጽሑፍ አወጡ፤ በእነዚያ ጽሑፎች ብራድማንንና ዉድፉልን ፈሪዎች ብሎ ዘለፈ። ይህ የላርውድ ጥፋት ነው፤ ያስገደደው አምበል አልነበረም፣ ወዳጆቹንም አሳፈረ። በ1933 በጋ ደግሞ የምዕራብ ኢንዲስ ወርዋሪዎች በማንቸስተር ሜዳ ያንኑ ዘዴ በእንግሊዞች ላይ አዋሉት። በቴሌግራም ብቻ ሲሰሙት የነበረውን ነገር የክለቡ ሰዎች በዓይናቸው አዩት፤ አላማራቸውም። የ1934 የአውስትራልያ ቡድን ጉብኝት ሲቃረብ ክለቡ ወዳጅነቱን ማደስ ፈለገ፤ ለወዳጅነቱም ዋጋ የሚከፍል ሰው ያስፈልግ ነበር።

ጃርዲን በ1934 መጀመሪያ ላይ በአውስትራልያ ላይ እንደማይሰለፍ በራሱ ፈቃድ አስታውቆ ገለል አለ። የይቅርታ ደብዳቤ እንዲፈርም የጠየቀው አልነበረም። ዘዴውን ያሰበው፣ ያዘዘውና ቀላቢዎቹን ያዛወረው ሰው ክብሩን ይዞ ሄደ። ደብዳቤው የመጣው ለ32 ሽልንጉ ቅጥረኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ፣ የምረቃው ቀን ስለ ተቃረበ ብቻ የአርማታው ደጋፊ ጣውላ ቀኑ ሳይሞላ እንዲነቀል ከበላይ በቃል ታዘዘ። ፎርማኑ ቀኑ አልደረሰም ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ከዚያም እንደ ታዘዘው ነቀለው። ወለሉ ሲሰነጠቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የወጣው በፎርማኑ ስም ነው፤ ጥፋቴ ነው ብሎ እንዲፈርምም ተደረገ። ሰባት ልጆች ነበሩት። ትእዛዙ ሲሰጥ አጠገባቸው ቆሜ ነበርሁ፤ ደብዳቤው ሲነበብም በስብሰባው ውስጥ ነበርሁ። ምንም አልተናገርሁም።

ላርውድ ግን አልፈረመም። በጁን ወር 1934 በጋዜጣ ላይ፣ በአውስትራልያውያን ላይ እንደማይሰለፍ አስታወቀ፤ በዚህም በሩን ከራሱም ወገን ዘጋው። ጓደኛው ቮስ ከክለቡ ጋር ታርቆ በ1936 እንደገና ወደ አውስትራልያ ተጓዘ። በዚያው በ1936 በጋ ላርውድ ለአውራጃው ቡድን 119 ሰዎችን፣ እያንዳንዱን በአማካይ ከ13 ባነሰ ነጥብ አስወጥቶ ከአገሩ ወርዋሪዎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ነበር። እግሩ እንደ ቀድሞው ስላልሆነለት ሩጫውን አሳጥሮ፣ ፍጥነቱንም ቀንሶ፣ በብልሃት ይወረውር ነበር። ወደ አውስትራልያ ለሚሄደው ቡድን ስሙ አልተጠራም። በ1938 ጨዋታ አቆመ። በጠቅላላው 1,427 ሰዎችን አስወጥቷል፤ ለእንግሊዝ የተሰለፈው ግን በ21 ግጥሚያዎች ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአትክልት ሥራ ገፋቸው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ በብላክፑል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ትንሽ የከረሜላ ሱቅ ገዛ። ስሙ ደንበኛ የሚስብለት ሰው ሆኖ ሳለ ደጃፉ ላይ አልሰቀለውም። በ1948 የአውስትራልያ ቡድን እንግሊዝን ሲጎበኝ፣ ጋዜጠኛ የሆነው ጃክ ፊንግልተን አፈላልጎ ከዚያ ሱቅ አገኘው። ፊንግልተን በ1932 ኳሷን በገዛ ሰውነቱ ከቀመሱት የአውስትራልያ መቺዎች አንዱ ነበር። ተጨዋወቱ፤ በጨዋታቸውም መካከል ወደ አውስትራልያ የመፍለስ ነገር ተነሣ። በ1949 ክለቡ ለቀድሞ ፕሮፌሽናሎች የክብር አባልነት ሲሰጥ ላርውድንም ጨመረው። በሚቀጥለው ዓመት ላርውድ ከሚስቱ ከሎይስና ከአምስት ሴት ልጆቹ ጋር በመርከብ ተሳፈረ። መርከቧ ኦሮንቴስ ትባላለች፤ በ1932 የጃርዲንን ቡድን የወሰደችው ራሷ ናት።

ሲድኒ ሲደርሱ የሚያርፉበት ቤት ተዘጋጅቶ ቆያቸው። ያዘጋጁት ከጥቂት ወራት በፊት ከሥልጣን የወረዱት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ቺፍሊ ነበሩ፤ ከሆቴሉ ሒሳብ ግማሹንም ለላርውድ ሳያሳውቁ ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። ቺፍሊ ራሳቸው የባቡር ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው። ላርውድ በአንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ሥራ ይዞ ልጆቹን አሳደገ። ራሱ የተሰነጠቀው በርት ኦልድፊልድ ወዳጁ ሆነ። በመንገድ የሚያውቁት ሰዎች ያለ ቂም እጁን ይጨብጡት ነበር፤ ቀድሞውንም ቂማቸው ከአዛዡ ጋር እንጂ ከእርሱ ጋር አልነበረም ይሉ ነበር። በአደሌይድ ሜዳ የጮኹት ሰዎች ይህን ለይተው ለማወቅ ከሎንዶኑ ክለብ ያነሰ ጊዜ ፈጀባቸው። ጃርዲን በ1958 ሞተ። ላርውድ ስለ እርሱ ክፉ ሲናገር አልተሰማም፤ በአንድ እግሩ አቁሞት የነበረውን አምበል እስከ መጨረሻው አከበረ። ይህን ታማኝነት ልረዳው ብሞክርም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

በ1993 የእንግሊዝ መንግሥት ለክሪኬት ስላበረከተው አገልግሎት የክብር ኒሻን ሰጠው። ያን ጊዜ 88 ዓመቱ ነበር፤ የዓይኑም ብርሃን ደክሞ ነበር። ጁላይ 22 ቀን 1995 በሲድኒ ዐረፈ። በሕይወት ሳለ ሊጠይቁት ከቤቱ የሚሄዱ ወጣት ወርዋሪዎች፣ ከድሮ ፎቶግራፎቹ መካከል ያን የብር መተርኮሻ ያዩት ነበር።